የፖድካስት ተጠባባቂ ክፍል ምንድን ነው?

ተጠባባቂ ክፍል የምንለው ተቀርጾ፣ ኤዲት ተደርጎ፣ ርዕስና መግለጫ ተጽፎለት፣ የሚለቀቅበት ቀን ግን ያልተቆረጠለትን የፖድካስት ዝግጅት ነው። እንግዳው ሲቀር፣ አቅራቢው ጉንፋን ይዞት ድምፁ ሲዘጋ ወይም የቀረጻው ፋይል ሲበላሽ ይወጣል፤ አድማጭ በለመደው ቀን ባዶ እጁን አይመለስም።

ፖድካስት ለዚህ የተመቸ ነው። ፋይሉ ሰርቨር ላይ ይጫናል፣ የሚለቀቅበት ቀንና ሰዓት ይሞላል። ሰዓቱ ሲደርስ አርኤስኤስ በሚባለው ዝርዝር ውስጥ ይገባል፤ የአድማጮች መተግበሪያዎችም ከዚያ ያነሡታል። ዛሬ ያለቀ ሥራ ከወር በኋላ ማንም ሳይነካው መውጣት ይችላል። ይህ እያለ በመልቀቂያው ዋዜማ ሌሊቱን ኤዲት ሲያደርጉ የሚያድሩ አዘጋጆች ብዙ መሆናቸው ይገርመኛል።

ጥሬ ቀረጻ ግን ተጠባባቂ አይባልም። የአንድ ሰዓት ጭውውት መጀመሪያ ሙሉውን መሰማት አለበት፤ ከዚያ ይቆረጣል፣ የድምፁ መጠን ይስተካከላል (አፕል የሚመክረው ኤልዩኤፍኤስ በሚባለው የድምፅ ጉልህነት መለኪያ −16 አካባቢ ነው)፣ በመጨረሻም እንደገና ይሰማል። ይህ ሁሉ ብዙ ሰዓት ይበላል። ተጠባባቂው የሚፈለገው ደግሞ ጊዜ በጠፋበት ሳምንት ስለሆነ፣ ኮምፒውተር ውስጥ የተከማቹ አምስት ጥሬ ፋይሎች ያን ዕለት አንድ ያለቀ ክፍል አያህሉም።

ይዘቱም ይመረጣል። የሰሞኑን ወሬ የሚተነትን ክፍል በሁለት ሳምንት ይበርዳል። የአንድ ሙያ ልምድ፣ የታሪክ ጨዋታ፣ አንድ ነገር እንዴት እንደሚሠራ የሚያስረዳ ውይይት ግን ይቆያል፤ በቀረጻው ላይ «ትናንት»፣ «በዚህ ሳምንት» የሚሉ ቃላትና የበዓል መልካም ምኞት ካልገቡበት። እንግዳ ካለ፣ የሚወጣበት ቀን እንዳልታወቀ ገና ከቀረጻው በፊት ሊነገረው ይገባል። አለዚያ በየሳምንቱ «የኔው መቼ ነው?» እያለ መደወሉ አይቀርም፤ እውነትም አለው። ከመለቀቁ በፊት ደግሞ ሥራው ወይም ማዕረጉ እንዳልተቀየረ መጠየቅ ያስፈልጋል፤ ተቀይሮ ከሆነ አቅራቢው አጭር መግቢያ ቀርጾ ቢጨምርበት ይበቃል።

ስንት ይበቃል? በየሳምንቱ ለሚወጣ ፖድካስት ሁለት ወይም ሦስት፣ በየወሩ ለሚወጣ አንድ እላለሁ። ከዚያ በላይ ሲከማች አዘጋጁ አድማጮቹ ለሚሰጡት አስተያየት ቶሎ ምላሽ መስጠት ያቅተዋል፤ ከወራት በፊት የተቀረጸ ክፍል ትናንት የቀረበ ትችት አይሰማማ። የዜና ፖድካስት ያለው ሰው አንድ እንኳ ማስቀመጡ ከባድ ነው፤ የሚያዋጣው የአንድን ጉዳይ አመጣጥ የሚተርክ ክፍል ማዘጋጀት ነው።

ለመጀመር የሚቀለው የመጀመሪያው ክፍል ከመለቀቁ በፊት ነው፤ ያኔ የሚጠብቅ አድማጭ የለም። ከዚያ በኋላ ግን አንዱ ተጠባባቂ በወጣበት ሳምንት ምትኩ የሚቀረጽበት ቀን መያዝ አለበት።