የእሁድ አደን ክልከላ ምንድን ነው? ሰንበት መሻርና ሕግ መሻር

በአማርኛ «ሻረ» የሚለው ቃል ሁለት ነገር ይይዛል። ገበሬ በሰንበት በሬ ቢጠምድ «ሰንበት ሻረ» ይባላል። ምክር ቤት የቆየ አዋጅ ቢያነሳ ደግሞ «ሕጉን ሻረ» እንላለን። በ2025 ጁላይ በአሜሪካዋ ፔንሲልቫኒያ ስቴት የሆነውን ነገር ከዚህ ቃል የተሻለ የሚገልጸው አላገኘሁም። ገዥው ጆሽ ሻፒሮ ፊርማቸውን አኖሩ፤ ከ150 ዓመት በላይ የቆየው የእሁድ አደን ክልከላ ተሻረ። ደጋፊዎቹ ያረጀ ሕግ ተሻረ አሉ። ተቃዋሚዎቹ ግን አንዷ የዕረፍት ቀናችን ተሻረች አሉ። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

እኔ የምኖረው ቨርጂኒያ ነው። ስለዚህ ጉዳይ የሰማሁት በጋዜጣ አይደለም፤ በጆሮዬ ነው። አንድ የኖቬምበር እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ልጆቹን ይዘን ጫካ ለመንሸራሸር ወጣን። ከሩቅ ተኩስ ተሰማ። ልጆቹ ደነገጡ፣ እኔም ደነገጥኩ። በማግስቱ ለሥራ ባልደረባዬ ነገርኩት። እሱ ከልጅነቱ ጀምሮ አዳኝ ነው። «ድሮ እሁድ ክልክል ነበር፤ አሁን ተፈቅዷል» አለኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ነገሩን ስከታተል ቆየሁ። ከመሰለኝ በላይ ሰፊ ሆኖ አገኘሁት።

ክልከላው ራሱ ቀላል ነው። አሜሪካ ውስጥ አደን የሚተዳደረው በየስቴቱ ሕግ ነው። የትኛው እንስሳ፣ በየትኛው ወር፣ በምን መሣሪያ፣ ስንት እንደሚታደን ስቴቱ ይወስናል። በምሥራቁ ዳርቻ ያሉ በርካታ ስቴቶች ታዲያ አንድ ነገር ጨምረው ነበር፦ እሁድ ማደን አይቻልም። ወቅቱ ቢሆንም፣ ፈቃድ ቢኖርህም፣ የራስህ መሬት ላይ ብትሆንም አይቻልም። በምዕራቡና በደቡቡ ባሉ አብዛኞቹ ስቴቶች እንዲህ ያለ ነገር የለም። የቴክሳስ አዳኝ ይህን ሲሰማ ይገረማል።

ምንጩ «ብሉ ሎውስ» የሚባሉት የእሁድ ሕጎች ናቸው። እንግሊዛውያን ሰፋሪዎች ይዘዋቸው የመጡ ናቸው። እሁድ ሱቅ መክፈት፣ መጠጥ መሸጥ፣ ኳስ መጫወት፣ መተኮስ ክልክል ነበር። የ1794ቱ የፔንሲልቫኒያ ሕግ አደንን ከቀልድና ከጨዋታ ጋር ባንድ አረፍተ ነገር ነበር የከለከለው። እነዚህ ሕጎች አንድ በአንድ ወደቁ። በ1933 የፔንሲልቫኒያ ከተሞች የእሁድ ቤዝቦልን በሕዝብ ድምፅ ፈቀዱ። ቅሪታቸው ግን ዛሬም አለ። ፔንሲልቫኒያ ውስጥ እሁድ መኪና መግዛት አትችልም። ኒው ጀርሲ፣ በርገን ካውንቲ ውስጥ ያሉት አብዛኞቹ ትልልቅ የገበያ ማዕከሎች እሁድ ዝግ ናቸው።

«ሃይማኖትና መንግሥት በተለያዩበት አገር ይህ እንዴት ይሆናል?» ብሎ የሚጠይቅ ይኖራል። ጥያቄው በ1961 ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ ነበር። ሜሪላንድ ውስጥ የአንድ ሱቅ ሠራተኞች እሁድ ዕቃ ሸጣችሁ ተብለው ተቀጡ። የሸጡት የወረቀት ማህደር፣ የወለል ሰም፣ ስቴፕለርና የመጫወቻ ሰርጓጅ መርከብ ነበር። ፍርድ ቤቱ ሕጉን አጸና። ዳኛ ኧርል ዋረን ያቀረቡት ምክንያት ይህ ነው፦ ሕጉ ከሃይማኖት ቢወለድም ዛሬ ዓላማው ለሁሉም አንድ የጋራ የዕረፍት ቀን መስጠት ነው። ይህ ውሳኔ ክርክሩን ከቤተ ክርስቲያን አውጥቶ ወደ ሌላ ቦታ ወሰደው። ከዚያ ወዲህ ጥያቄው «እግዚአብሔር ምን አለ?» መሆኑ ቀርቶ «የዕረፍቱ ቀን የማን ነው?» ሆነ።

ለእኛ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። አፄ ዘርዓ ያዕቆብ በ1450 ደብረ ምጥማቅ ላይ ጉባኤ ጠርተው ቅዳሜም እሁድም ሰንበት ይሁኑ ብለው የወሰኑት፣ የኤዎስጣቴዎስ ተከታዮች ለረጅም ጊዜ ከተሟገቱና ከተሰደዱ በኋላ ነው። በገጠራችን ዛሬም በዓል የሻረ ሰው ቢኖር፣ በረዶ ሲወርድ የመንደሩ ዓይን እሱ ላይ ነው። ሰው የሚቆጣው ያ ገበሬ ስላረሰ ብቻ አይደለም። ሌሎቹ ሥራ ፈትተው ቁጭ ባሉበት እሱ በማረሱ ነው። የጋራ ዕረፍት የሚቆመው ሁሉም ሲያርፍ ነው። የአሜሪካ ተቃዋሚዎችም የሚሉት፣ ቃሉ ቢለያይም፣ ይህንኑ ነው።

ለመሆኑ ይነሳ የሚሉት ሰዎች ምን ይላሉ? ከሁሉ በላይ ልቤን የነካው የባልደረባዬ መልስ ነው። ከሰኞ እስከ ዓርብ ይሠራል። ቅዳሜ ብዙ ጊዜ ትርፍ ሰዓት አለው። ልጁ ደግሞ ቅዳሜ ኳስ ይጫወታል። «እሁድ ከተዘጋ እኔ መቼ ነው ልጄን ጫካ የምወስደው?» አለኝ። በዋሽንግተን ዙሪያ የምንኖር ሐበሾች ይህን ጥያቄ ማንም ሳያስረዳን እናውቀዋለን። ታክሲ የሚነዳው፣ ፓርኪንግ የሚሠራው፣ ሆስፒታል አዳሪ የምትገባው ሁሉ ነፃ ቀኑን በጣቱ ይቆጥራል። ቅዳሜን የሚያከብር አይሁዳዊ ወይም አድቬንቲስት አዳኝ ደግሞ ከዚህም ይብሳል። ቅዳሜን እምነቱ ይዘጋበታል፣ እሁድን ሕጉ።

ቀጥሎ ያለው ገንዘብ ነው። ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር እዚህ ላይ አለ። አሜሪካ ውስጥ ከዱር እንስሳት ጥበቃ በጀት ትልቅ ክፍል የሚመጣው ከአዳኞች ነው። በ1937 በወጣው የፒትማን ሮበርትሰን ሕግ መሠረት በጠመንጃና በጥይት ላይ 11 በመቶ ግብር አለ። ገንዘቡ ለስቴቶች የሚከፋፈለው በመሬታቸው ስፋትና ፈቃድ በገዙት አዳኞች ቁጥር ነው። አዳኙ ሲቀንስ ለጥበቃ የሚገባው ገንዘብም ይቀንሳል። ፔንሲልቫኒያ በ1980ዎቹ መጀመሪያ ወደ 1.3 ሚሊዮን ባለ ፈቃድ አዳኞች ነበሯት። ዛሬ ከ900 ሺህ በታች ናቸው። አባት ልጁን ካላስተማረ አደን ይቆማል። ለማስተማር ደግሞ ቀን ያስፈልጋል።

አጋዘኑም ራሱ የክርክሩ አካል ነው። ነጭ ጅራት የሚባለው አጋዘን በምሥራቁ አሜሪካ እጅግ ተባዝቷል። ተኩላውና የተራራ አንበሳው ከጠፉ ቆይተዋል። አጋዘኑ የገበሬውን በቆሎና አኩሪ አተር ይበላል፤ የጫካውን ቡቃያ ይጨርሳል። ሌሊት መንገድ ላይ ይወጣል። በኖቬምበር ምሽት የቨርጂኒያን ወይም የፔንሲልቫኒያን መንገድ የነዳ ሰው የማወራውን ያውቃል።

ተቃዋሚዎቹን ስመለከት የጠበቅኳቸው ቄሶች ነበሩ። አሉም፤ ፔንሲልቫኒያ ውስጥ ላንካስተር አካባቢ ያሉት አሚሾችና ሜኖናይቶች የሚባሉት ክርስቲያኖች እሁድን አጥብቀው ያከብራሉ። ነገር ግን ከፍ ብሎ የሚሰማው ድምፅ የሌሎች ነው። በእግር የሚጓዙ፣ ፈረስ የሚጋልቡ፣ ወፍ የሚመለከቱ ሰዎች ናቸው። በመከር ወራት ጫካው ከሰኞ እስከ ቅዳሜ የአዳኝ ነው፤ አንዲት እሁድ ተዉልን ይላሉ። ጥይት ሳይፈሩ ልጅ ይዞ የሚኬድባት ቀን እሷ ብቻ ናት። እኔ ራሴ ያቺን እሁድ የደነገጥኩ ሰው ስለሆንኩ ይህን ክርክር ማቃለል አልችልም።

«እንስሳቱ ራሳቸው አንድ ቀን ማረፍ አለባቸው» የሚልም አለ። ሲሰሙት ደስ ይላል፤ ግን አላሳመነኝም። የሚታደነው ቁጥር የሚወሰነው በፈቃድና በኮታ ነው። ፔንሲልቫኒያ ደግሞ ክልከላው በነበረበት ዘመንም ቀበሮ፣ ኮዮቲ የሚባለው ተኩላ መሰል አውሬና ቁራ እሁድ ይታደኑ ነበር። ሕጉ ለእንስሳት ዕረፍት ተብሎ የወጣ ቢሆን ኖሮ ቀበሮን ምን አስቀረው?

ትልቁ ነገር መሬት ነው። በእኔ እምነት ክርክሩ ሁሉ የሚታሰረውም የሚፈታውም እዚህ ላይ ነው።

ሜይንን እንውሰድ። የእሁድ አደንን ከ1883 ጀምሮ ትከለክላለች። አሁን ሙሉ በሙሉ የሚከለክሉት እሷና ማሳቹሴትስ ናቸው። ሜይን ውስጥ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው ደን የግል ነው። ሆኖም የቆየ ልማድ አለ፦ ባለቤቱ «አትግቡ» የሚል ምልክት ካልሰቀለ ማንም ገብቶ ማደን ይችላል። የሰው መሬት ላይ ሳይጠይቁ ማደን! ይህ የሚሆነው በመተማመን ነው። ባለመሬቶቹ ታዲያ እንዲህ ይላሉ፦ ስድስት ቀን በራችንን ክፍት አድርገናል፤ እሁድን ከወሰዳችሁብን እንዘጋዋለን። ለመዝጋት ደግሞ ብዙ አይለፉም። ዛፍ ላይ ሐምራዊ ቀለም መቀባት በሕግ «ያለ ፈቃድ አትግባ» ማለት ነው። እዚያ ያለው አዳኝ አንዲት እሁድ አተርፋለሁ ብሎ ስድስቱንም ቀን ሊያጣ ይችላል። የሜይን ክልከላ ይህን ያህል የቆየው በስብከት ኃይል አይደለም፤ በዚህ ስምምነት ነው።

በ2021 የሜይን ሕዝብ «የምግብ መብት» የሚል ማሻሻያ ሕገ መንግሥቱ ውስጥ አስገባ። ሰው የመረጠውን ምግብ የማብቀልና የመሰብሰብ መብት አለው ይላል። በሚቀጥለው ዓመት ባልና ሚስት ፍርድ ቤት ሄዱ፦ አደን ምግባችን ነው፣ እሁድ መከልከሉ ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል አሉ። ከፍተኛው ፍርድ ቤት በማርች 2024 ወሰነ። አደን ምግብ መሰብሰብ መሆኑን ተቀበለ። ማሻሻያው ግን ሕገወጥ አደንን አይፈቅድም፤ እሁድ ማደን ደግሞ በሕግ የተከለከለ ስለሆነ ሕገወጥ አደን ነው አለ። ክልከላው ጸና።

ፔንሲልቫኒያ የሄደችበት መንገድ ሌላ ነው። በ2019 ገዥው ቶም ዎልፍ ሦስት እሁዶችን ብቻ የሚከፍት ሕግ ፈረሙ። በልዋጩ እሁድ የሰው መሬት ላይ የሚያድን ሰው የባለቤቱን የጽሑፍ ፈቃድ መያዝ ግዴታ ሆነበት። የአደን ጠባቂዎችም ሳይፈቀድለት የሰው መሬት የገባን አዳኝ በዚያ ብቻ የመቅጣት ሥልጣን አገኙ። ለረጅም ዘመን የተቃወመው የገበሬዎች ማኅበር አቋሙን እየቀየረ መጣ። አጋዘን ማሳውን የሚበላበት ገበሬ አዳኙን አይጠላም፤ የሚጠላው ሳይጠይቅ አጥር ዘሎ የሚገባውን ነው። መጠየቅ ግዴታ ሲሆን ቅሬታው ቀለለ። በ2025 ክልከላው ጨርሶ ሲነሳ የስቴቱ የአደን ኮሚሽን ከሴፕቴምበር 14 እስከ ዲሴምበር 7 ያሉትን 13 እሁዶች ከፈተ።

ሌሎቹ በየራሳቸው ልክ ሰፍተውታል። ሜሪላንድ በየካውንቲው ይለያያል። ሰሜን ካሮላይና እሁድን ከፍታ ከጠዋቱ 3:30 እስከ ቀኑ 6:30 ትዘጋለች፤ ሰው ቤተ ክርስቲያን የሚሆንበት ሰዓት ነው ብላ። (ሰዓቱ የኛ ቅዳሴ እንደማይሆን ግልጽ ነው። እኛ በዚያን ሰዓት ከገባን ቆይተናል።) ከአምልኮ ቦታም በ500 ያርድ ውስጥ ማደን አይቻልም። ቨርጂኒያ በ2014 የግል መሬትን፣ በ2022 ደግሞ የሕዝብ መሬትን ከፈተች። እዚህ ከአምልኮ ቦታ መራቅ ያለበት ቢያንስ 200 ያርድ ነው፤ 180 ሜትር ግድም።

የእኔን ሐሳብ ከጠየቃችሁኝ፣ የግል መሬት ላይ ክልከላው መነሳቱን እደግፋለሁ። ባለመሬቱ ከፈቀደ፣ ኮታው ከተጠበቀ፣ አባትና ልጅ በእሁድ ጫካ ቢገቡ የማንንም ዕረፍት አይነኩም። የሕዝብ መሬት ግን ሌላ ነው። እዚያ የሁላችንም ፈቃድ ያስፈልጋል። ብዙ ሰው የሚሄድባቸው የእግር መንገዶች ዙሪያ በመከር ወራት የተወሰኑ እሁዶች ለእግረኛ ቢተዉ አዳኙ ብዙ አያጣም። ይህን ለባልደረባዬ ነገርኩት። አልተስማማም፤ «የሕዝብ መሬት ከሌለ መሬት የሌለው ሰው የት ያድናል?» አለኝ። ለዚህ ጥያቄ እስካሁን የሚያረካ መልስ የለኝም።

በመከር ወራት እሁድ ከቤተሰብ ጋር የምትወጡ ከሆነ ሁለት ነገር አስታውሱ። ሼናንዶዋ ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ማደን ምንጊዜም ክልክል ነው፤ ከፓርኩ ወሰን ውጭ ያለው ጫካ ግን እንደዚያ አይደለም። ከመውጣታችሁ በፊት የስቴቱን የአደን ቀን መቁጠሪያ እዩ። ሌላው፣ አዳኝ ከሩቅ የሚለየው ብርቱካናማ ቀለም ነው። ከመኪናዬ ኋላ አሁን አራት ብርቱካናማ ሰደርያ አለ። ከቅዳሴ መልስ ነጠላውን አጥፈን እሱን እንለብሳለን።