«ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ»፦ ነገሩ የጥጥ ነበር

ባለፈው ሰሞን አንድ ወዳጄ የጻፈውን ተከታታይ ድራማ አነበበልኝ። ዋናዋ ገጸ ባሕርይ የሒሳብ ሠራተኛ ናት። የድርጅቱን ገንዘብ ማን እንደሚበላ መዝገብ አገላብጣ የደረሰችበት እሷ ናት። ወሳኙ ስብሰባ ላይ ግን ብድግ ብሎ ሁሉን የሚያስረዳው እጮኛዋ ነው። እሷ ጥግ ይዛ ታለቅሳለች። ለምን ብለው፣ «ያው ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ ይባል የለ» አለኝ።

ደሜ ፈላ።

ሰው ሁሉ የሚያውቀውን ትርጉም ልለፈውና «ያልቅ» የምትለዋን ቃል እንያት። «ብሩ አለቀ» ስንል ጠፋ ማለታችን ነው። «ቤቱ ተሠርቶ አለቀ» ስንል ግን ተፈጸመ ማለታችን ነው። እኔ አባባሉ ከሁለተኛው የተወለደ ይመስለኛል። የተወለደውም ጥጥ ላይ ነው።

አያቴ ከሰዓት በኋላ ቁርበቷን አንጥፋ ትቀመጣለች። ጥጡን በብረት መዳመጫ ድንጋይ ላይ ትዳምጥና ፍሬውን ታወጣለች። በደጋን ስትነድፈው ይነፋና ባዘቶ ይሆናል። ባዘቶውን ጠቅልላ አመልማሎ ታደርገዋለች። ከዚያ እንዝርቷን ጭኗ ላይ አሹራ ትለቀዋለች። እጇ ወደ ላይ ሲወጣ ክሩ ይከተለዋል። ለድር የሚሆነውን አጥብቃ ታከርረዋለች፤ ማጉን ላላ ታደርገዋለች። ዐይኗን ጨፍና በጣቷ ዳብሳ ትለያቸዋለች። ጋቢ አራት ድርብ ነው፣ ብዙ ክር ይበላል። ስንት ልቃቂት እንደሚበቃው ግን ሚዛን ሳትነካ ታውቃለች።

የሚሸምነው ወንድ ነው። አንድ ቀን ሸማኔው ጋቢ ሠርቶ አመጣ። አያቴ ጠርዙን በሁለት ጣቷ አሸት አሸት አደረገችና «ይሄን ማግ እኔ አልፈተልኩትም» አለችው። ሰውዬው አቀረቀረ። «እማማ፣ ከሌላ ሰው ክር ጋር ተደባልቆብኝ ነው» አለ።

ሴት ብታውቅ፣ ክሩን። በወንድ ያልቅ፣ በሸማኔው እጅ። የሥራ ክፍፍል ነው። ንቀት አለበት የሚለኝ ሰው አይጠፋም። አባባሉ ግን «ብታውቅ» ነው የሚለው፣ «ብታውቅም» አይልም። ያቺ «ም» የሌለችው በከንቱ አይደለም። ከእንዝርቱ ሲለያይ ነው ስለ ጭንቅላት የሚያወራ የመሰለው።

ለዚህ የተሳሳተ አረዳድ ተረቶቻችንም አግዘውታል። ባሏ ፊት የነሳት ሴት አንድ አዋቂ ዘንድ ትሄዳለች። «የአንበሳ ጸጉር አምጪ» ይላታል። ሥጋ ይዛ ዛሬ ከሩቅ፣ ነገ ቀረብ ብላ፣ አንበሳውን አለማምዳ ጸጉሩን ትነጫለች። ዘዴውን ማንም አልነገራትም። መጨረሻ ላይ ግን «ባልሽንም እንዲሁ አላምጂው» ብሎ ጥበቡን የሚናገረው ሰውዬው ነው። እኛም ልጆች ሆነን ብልህ የምንለው እሱን ነበር። ታሪካችን ግን ሌላ ነው፤ በ1888 ዓ.ም. መቀሌ ላይ ምሽግ ውስጥ ያለው የጣሊያን ጦር የሚጠጣበትን ምንጭ የማስያዙን ዘዴ ያመጡት እቴጌ ጣይቱ ናቸው። በእውን የሆነው ነገር ድራማ ላይ ሲመጣ ለምን ይከብደናል?

ወዳጄንም ተቆጣሁት። የአያቶቻችንን ቃል ለሰነፍ አጻጻፍ መሸፈኛ አታድርገው አልኩት። ልጅቷ አንድ ሙሉ የድራማውን ክፍል መዝገብ ስታነብ አምሽታለች። የትኛው ገጽ ላይ የትኛው ቁጥር እንደተፋቀ የምታውቀው እሷ ናት። ስብሰባው ላይ እሷው ትናገረው።