የጨው ውሃ ገንዳ ለዓሣ ደረሰ የሚባለው መቼ ነው?

ጅማ ውስጥ ዓሣ ማርባት የጀመራችሁ ደጋግማችሁ ትጠይቃላችሁ፦ ውሃው ከጠራ ዓሣ ለምን አይገባም? መጥራቱ ምንም አያረጋግጥም። ዓሣው ራሱ የሚያስወጣው አሞኒያ ይመርዘዋል። አንድ ዓይነት ባክቴሪያ አሞኒያውን ወደ ናይትራይት፣ ሌላው ደግሞ ናይትራይቱን ጉዳቱ እጅግ ወዳነሰው ናይትሬት ይለውጣል። የምንጠብቀው እነዚህ ባክቴሪያዎች በገንዳው ድንጋይና በአሸዋው ላይ እስኪባዙ ነው።

መባዛታቸውን ለመፈተን፣ ለምሳሌ 40 ሊትር ውሃ በያዘ፣ ዓሣ በሌለበት ገንዳ ውስጥ በሊትር 2 ሚሊግራም፣ በድምሩ 80 ሚሊግራም አሞኒያ ጨምሩ። ከ24 ሰዓት በኋላ ስትለኩ አሞኒያም ናይትራይትም ዜሮ ከሆኑ ገንዳው ደርሷል። ናይትራይት ከታየ ግን እባካችሁ ዓሣውን አታስገቡ።

ይህ መመዘኛ የትም አይለወጥም። የሚለያየው ጊዜው ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈጃል። የጅማ ሌሊት ስለሚቀዘቅዝ ያለ ማሞቂያ ይዘገያል።