ውጭ አገር ያለ ወራሽ እና አዲስ አበባ የቀረው ቤት፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

አባት አዲስ አበባ ያርፋሉ። ከልጆቻቸው አንዱ ዋሽንግተን፣ አንዷ ስቶክሆልም፣ ታናሹ ደግሞ እዚያው ቤት ውስጥ ይኖራል። ለቀብር የደረሰው ከአርባው በፊት ፈቃዱ አልቆ ይመለሳል፤ መምጣት ያልቻለችው በስልክ ታለቅሳለች። በሐዘን ላይ ስለ ቤት ማንሳት ነውር ስለሆነ ማንም አያነሳም። ዓመታት ካለፉ በኋላ ጉዳዩ ሲነሳ፣ ምክር የሚገኘው ሕጉን ከሚያውቅ ሰው ሳይሆን ከለቅሶ ቤት ወሬ ነው። ከዚያ ወሬ መካከል ብዙ ሰው ያከሰሩትን እዚህ አነሳለሁ። የምናገረው ኢትዮጵያ ውስጥ ስላለ ንብረትና የሌላ አገር ዜግነት ስለያዙ ወራሾች ነው።

«ዜግነቴን ስለቀየርኩ ውርሱ ቀርቶብኛል»

አልቀረም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 837 የወራሹ ጾታ፣ ዕድሜም ሆነ ዜግነት የመውረስ መብቱን እንደማይነካ በግልጽ ይደነግጋል። ሰዉ ከዚህ ጋር የሚያደባልቀው ሌላ ድንጋጌ ነው፤ ቁጥር 390 የውጭ አገር ዜጋ ኢትዮጵያ ውስጥ የማይንቀሳቀስ ንብረት ባለቤት እንዳይሆን ይገድባል። መውረስ አንድ ነገር ነው፤ የወረሱትን ቤት በስም ይዞ መቆየት ደግሞ ሌላ።

ለትውልደ ኢትዮጵያውያን ይህ ሁለተኛው ገደብም ቢሆን ተነሥቷል። በአዋጅ ቁጥር 270/1994 መሠረት ቢጫ ካርድ፣ ማለትም የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ፣ የያዘ ሰው የማይንቀሳቀስ ንብረት ባለቤት መሆን ይችላል። ካርዱም ቀድሞ ኢትዮጵያዊ ለነበረ ሰው ብቻ የሚሰጥ አይደለም፤ ከወላጆቹ፣ ከአያቶቹ ወይም ከቅድመ አያቶቹ አንዱ ኢትዮጵያዊ የነበረ ሰውም ሊያወጣው ይችላል። ስለዚህ ሚኒሶታ የተወለደች፣ አማርኛ የማትናገር የልጅ ልጅ እንኳ የአያቷን ቤት በስሟ ልታዞር ትችላለች። ካርዱን ማግኘት የማይችል ወራሽም ቢሆን ባዶ እጁን አይቀርም፤ ድርሻውን ለኢትዮጵያዊ አስተላልፎ ዋጋውን መውሰድ ይችላል። በ2017 ዓ.ም. የወጣው አዋጅም ለውጭ ዜጎች የቤት ባለቤትነት በቅድመ ሁኔታ በር ከፍቷል።

አንድ ነገር ግን ልብ ይሏል። ኢትዮጵያ ጥምር ዜግነት አትቀበልም፤ በአዋጅ ቁጥር 378/1996 መሠረት በፈቃዱ የሌላ አገር ዜግነት የወሰደ ሰው የኢትዮጵያ ዜግነቱን እንደተወ ይቆጠራል። ይህን እያወቁ አሮጌውን የቀበሌ መታወቂያ ይዘው ፍርድ ቤት የሚቀርቡ አሉ። ለምን እንደሚያደርጉት አይገባኝም፤ መብታቸው በቢጫ ካርዱ ተጠብቆላቸው ሳለ፣ ነገ ለሚካሰሳቸው ወንድም መሣሪያ ያቀብላሉ።

«ቤቱ የትም አይሄድም፤ ስንመጣ እንነጋገራለን»

ውጭ ያሉ ወራሾች ድርሻቸውን ከሚያጡባቸው መንገዶች ሁሉ የከፋው ይህ ነው። ቤቱ የትም አይሄድም፤ የመጠየቅ መብት ግን ይሄዳል። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1000 ሁለት የይርጋ ጊዜያት፣ ማለትም ክስ የማቅረቢያ የጊዜ ገደቦች፣ ያስቀምጣል። ወራሹ መብቱን ካወቀና ሌላ ሰው የውርሱን ንብረት መያዙን ከተረዳ በኋላ ሦስት ዓመት ካለፈ ክሱ በይርጋ ሊታገድ ይችላል። ምንም ባያውቅ እንኳ ሟች ካረፉ ወይም ወራሹ በመብቱ መሥራት ይችል ከነበረበት ቀን ጀምሮ 15 ዓመት ሲሞላ፣ ከዘር የወረደ ርስት ካልሆነ በስተቀር፣ በሩ ይዘጋል።

እንዲህ ያለው ክርክር ፍርድ ቤት ሲደርስ የሚያጨቃጭቀው ቀኑ ነው። እህት መቼ አወቀች? ወንድም ቤቱን የያዘው ለሁሉም ወራሾች ነበር ወይስ ለራሱ ብቻ? ታናሹ ከሐዘኑ በኋላ ብቻውን ቀርቦ «ብቸኛ ወራሽ ነኝ» ብሎ ከፍርድ ቤት የወራሽነት ማረጋገጫ ካወጣና ካርታውን በስሙ ካዞረ፣ ማረጋገጫው እንዲሰረዝ መጠየቅ ይቻላል። ቤቱ ለሌላ ሰው ከተሸጠ በኋላ ግን ጉዳዩ በእጅጉ ይወሳሰባል። በዚህ ጊዜ «ወንድሜ ነው፣ አምኜው ነው» የሚለው ቃል ለይርጋ መቃወሚያ መልስ አይሆንም። በስልክ የተባለው፣ በሽማግሌ የተያዘው ቀጠሮ፣ «አይዞሽ ድርሻሽ አለ» የሚለው ተስፋ በጽሑፍ ካልሰፈረ ማስረዳት ያስቸግራል። የወራሽነት ማረጋገጫ ማውጣት ደግሞ ቤቱን ማፍረስም መሸጥም አይደለም። እናት እዚያው እየኖሩ፣ ማንም ሳይነቃነቅ፣ ሁሉም ወራሾች በአንድ ማረጋገጫ ላይ ስማቸው ሊሰፍር ይችላል።

«አባዬ በሕይወት ሳለ ውክልና ሰጥቶኛል፤ በዚያ እሠራለሁ»

በመርሕ ደረጃ ውክልናው ከአባት ጋር አብሮ አርፏል። የተለየ ስምምነት ከሌለ ውክልና በወካዩ ሞት ይቋረጣል፤ የሕጉ ቁጥር 2232 ነው። ሞቱን ደብቆ በውክልናው ቤት የሸጠ ሰው ውሉ ሊፈርስበት፣ አልፎም በወንጀል ሊጠየቅ ይችላል።

ወራሾቹ ራሳቸው የሚሰጡት አዲስ ውክልናም የራሱ ወጥመድ አለው። «በማንኛውም ጉዳይ እንዲወክለኝ» የሚል ጠቅላላ ቃል ሰፊ ይመስላል እንጂ ቤት ለመሸጥ፣ ለማስያዝ፣ ለመታረቅ ወይም ለመካሰስ አይበቃም፤ ቁጥር 2205 ለእነዚህ ልዩ ውክልና ይጠይቃል። እያንዳንዱ ሥልጣን በስሙ ተጠርቶ ይጻፍ። እኔ ብጠየቅ የወራሽነት ማረጋገጫ የማውጣቱን ውክልና ከመሸጡ ውክልና ለይታችሁ ስጡ እላለሁ፤ ለመጀመሪያው የምታምኑት ሰው ለሁለተኛው ላይሆን ይችላል። ውጭ አገር የሚሰጥ ውክልና በኤምባሲ ወይም በቆንስላ ተፈርሞ ከመጣ በኋላ አዲስ አበባ ላይ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴርና በሰነዶች ማረጋገጫ በኩል ማለፍ አለበት።

«ሚስት ሁሉንም ትወርሳለች»

የፍትሐ ብሔር ሕጋችን የትዳር ጓደኛን በሕግ ወራሽነት አያውቅም። አሜሪካ የኖረ ሰው ይህን ሲሰማ ይደነግጣል፤ እዚያ የትዳር ጓደኛ ቀዳሚ ነውና። እዚህ ሚስት ወይም ባል የሚወስዱት በቅድሚያ የጋራ ንብረቱን ግማሽ ነው፤ ይህም የራስ ሀብት እንጂ ውርስ አይደለም። የቀረው ግማሽ ለልጆች እኩል ይከፈላል። 12 ሚሊዮን ብር የሚያወጣ የጋራ ቤት ቢኖርና ልጆቹ አራት ቢሆኑ፣ እናት 6 ሚሊዮን፣ እያንዳንዱ ልጅ 1.5 ሚሊዮን ይደርሰዋል። ከጋብቻ ውጭ የተወለደ ልጅም፣ የጉዲፈቻ ልጅም እኩል ነው። ቀድሞ የሞተ ልጅ ካለ የእሱ ልጆች በእሱ ቦታ ይገባሉ። ሟች ለባለቤታቸው ተጨማሪ መተው ከፈለጉ መንገዱ ኑዛዜ ነው።

«ሲያርፉ ቤቱን ለእኔ ነው ብለዋል፤ ሁሉም ሰምቷል»

በአልጋ ዙሪያ አሥር ሰው ቢሰማም ቤት አይተላለፍበትም። የቃል ኑዛዜ ሞቱ እንደቀረበ የተሰማው ሰው ለሁለት ምስክሮች የሚናገረው ሲሆን፣ የሚያስተላልፈው የቀብር ሥርዓትን፣ የልጆችን ሞግዚትነትና ከ500 ብር ያልበለጠ ስጦታን ብቻ ነው። አዎን፣ አምስት መቶ ብር፤ ቁጥሩ ሕጉ ከወጣ ጀምሮ አልተነካም። በስልክ የተላከ የድምፅ መልእክትም ከሕጉ ሦስት የኑዛዜ ዓይነቶች በአንዱም አይመደብም።

ቤት የሚተላለፈው በጽሑፍ ኑዛዜ ነው። በምስክሮች ፊት የሚደረገው በተናዛዡና በአራት ምስክሮች ፊት መነበብና መፈረም ይኖርበታል፤ ከምስክሮቹ አንዱ ዳኛ ወይም ሰነድ አረጋጋጭ ከሆነ ሁለት ይበቃሉ። ሰነዱ ላይ «በሁሉም ፊት ተነበበ» የሚለው ቃል ባለመስፈሩ ብቻ የወደቁ ኑዛዜዎች አሉ። ተናዛዡ በገዛ እጃቸው የጻፉት ደግሞ በፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ወይም ሰነድ በሚያረጋግጥ አካል ዘንድ በሰባት ዓመት ውስጥ ካልተቀመጠ ይሻራል። ሳጥን ውስጥ አሥር ዓመት የተኛ ወረቀት ይዛችሁ ከመጣላታችሁ በፊት ቀኑን እዩ።

«የአሜሪካ ፍርድ ቤት ወራሽነቴን አረጋግጧል፤ ጨርሻለሁ»

ሜሪላንድ የተሰጠ ውሳኔ ለሜሪላንድ ንብረት ነው። የውጭ አገር ፍርድ ኢትዮጵያ ውስጥ የሚፈጸመው በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ በቁጥር 458 የዘረዘራቸው ቅድመ ሁኔታዎች ሲሟሉ ነው፤ ከእነዚህ አንዱ ያ አገር የኢትዮጵያን ፍርድ የሚፈጽም መሆኑ ነው። ስለዚህ ብዙ ጊዜ የሚቀለው እዚሁ በአዲስ መጠየቅ ነው።

ችግሩ የሚጀምረው ከስም ነው። አመልካቿ አዲስ አበባ ትምህርት ቤት ስትማር «ወይንሸት ተሰማ» ነበረች። የአሜሪካ ፓስፖርቷ ላይ የአያቷ ስም እንደ ቤተሰብ ስም ገብቷል፤ ስታገባ የባሏ ተጨምሮበታል፤ የራሷ ስም ደግሞ ባጠረ አጻጻፍ ቀርቷል። የልደት ዘመኗ በአንዱ ወረቀት 1960፣ በሌላው 1968 ነው፤ አንዱ በእኛ አቆጣጠር፣ ሌላው በፈረንጆቹ። ለእሷ ይህ ሁሉ አንድ ሰው ነው፤ ለዳኛው ግን አራት ሰው ሊሆን ይችላል። የሚያስፈልጋት የስም ለውጡን የሚያሳይ የፍርድ ቤት ወይም የዜግነት ሰነድ፣ ሁለቱ ስሞች የአንድ ሰው መሆናቸውን የሚገልጽ የተረጋገጠ ማስረጃ፣ እንዲሁም ቤተሰቡን የሚያውቁ ምስክሮች ናቸው። የአባት የእድር መዝገብ፣ የድሮ የቀበሌ የቤተሰብ ቅጽና የክርስትና ወረቀት እዚህ ጋር ዋጋ አላቸው። ስለዚህ ቤቱን ስታጸዱ የአባታችሁን ወረቀት አትጣሉ።

«የያዝነው መሬት ነው»

የወረሳችሁት ቤቱን እንጂ መሬቱን አይደለም፤ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት አይሸጥም አይለወጥም። በከተማ ለነባር ይዞታ አንድ መልካም ነገር አለ፤ በሊዝ አዋጅ ቁጥር 721/2004 መሠረት ቤቱ በሽያጭ ሲተላለፍ መሬቱ ወደ ሊዝ፣ ማለትም ከመንግሥት ለተወሰነ ጊዜ በክፍያ ወደሚያዝ ይዞታ፣ ይገባል፣ በውርስ ሲተላለፍ ግን አይገባም። የገጠር መሬት ጉዳይ በየክልሉ ሕግ ስለሚለያይ እዚያው ያለ ባለሙያ መጠየቅ ግድ ነው።

«አንድ ጠበቃ ለሁላችንም ይበቃል»

ስትስማሙ ይበቃል። አንዱ ቤቱን ይዞ ሌላው ድርሻ ሲጠይቅ ግን ያው ጠበቃ ለሁለቱም ሊቆም አይችልም። ጉዳይ አስፈጻሚ ደግሞ ጠበቃ አይደለም፤ ፈቃዱን ጠይቁ። ክፍያውም በጽሑፍ ይሁን፤ ከቤቱ ዋጋ በመቶኛ ነው ወይስ በቁርጥ፣ የሚከፈለውስ መቼ ነው?

«ኢትዮጵያ ካልጠየቀችኝ ማንም አይጠይቀኝም»

የምትኖሩበት አገር ሊጠይቅ ይችላል። አሜሪካ ከውጭ ሰው የተገኘን ውርስ እንደ ገቢ አትቀርጥም፤ ነገር ግን በዓመት ከ100,000 ዶላር ከበለጠ በቅጽ 3520 ማሳወቅ ግዴታ ነው። ይህን ያላደረገ ሰው በየወሩ 5 በመቶ፣ እስከ 25 በመቶ ሊቀጣ ይችላል፤ ግሪን ካርድ ያላቸውንም ይመለከታል። ቤቱ ተሸጦ ገንዘቡ ኢትዮጵያ ባንክ ከተቀመጠና ውጭ ያሉ ሒሳቦች በድምር ከ10,000 ዶላር ካለፉ፣ ይህም ለአሜሪካ መንግሥት ለብቻው ይገለጻል። ጀርመን ነዋሪ የሆነ ወራሽ አዲስ አበባ ያለው ቤት እንኳ በውርስ ግብሩ ይታሰብበታል፤ ከወላጅ ለወረሰ ልጅ ግን እስከ 400,000 ዩሮ ነፃ ነው። ስዊድን ያለችው እህት በዚህ በኩል አትሠጋም፤ አገሪቱ የውርስ ግብርን እ.ኤ.አ. በ2004 አስቀርታለች።