ሜሞሪ ባንድዊድዝ ምንድን ነው? ሁለት ግራፊክስ ካርድ ስታወዳድሩ

ሁለት ግራፊክስ ካርድ ጎን ለጎን አድርጋችሁ ስታዩ ዓይን ቶሎ የሚያርፈው ጊጋባይቱ ላይ ነው። 12 ከ8 ይበልጣል፣ ስለዚህ ባለ 12ቱ ይሻላል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ያቆማል። እኔ ግን ከጊጋባይቱ ቀጥሎ ሁሌ የምፈልገው ሌላ ቁጥር አለ፤ ሜሞሪ ባንድዊድዝ ይባላል። እሱን ስትረዱ ካርዶች ለምን እንደሚፈጥኑና ለምን እንደሚንቀራፈፉ ብዙው ነገር ግልጽ ይሆናል።

ካርዱ ላይ ሥራውን የሚሠራው ቺፕ አለ፣ ጂፒዩ የምንለው። ዙሪያውን ደግሞ የሜሞሪ ቺፖች ተደርድረዋል፣ ቪራም የምንላቸው። የጌሙ ቴክስቸር (የዕቃዎቹን ገጽ የሚሸፍነው ምስል)፣ እየተሳለ ያለው ፍሬም (ስክሪኑ ላይ የሚታየው አንድ ምስል)፣ ሌላም ሌላም ቪራሙ ላይ ይቀመጣል። ጂፒዩው ከዚያ ያነባል፣ ይሠራል፣ መልሶ እዚያው ይጽፋል፤ ይህን ሳያቋርጥ ነው የሚያደርገው። ጊጋባይቱ የሚነግራችሁ ምን ያህል እንደሚይዝ ነው። ባንድዊድዙ የሚነግራችሁ ግን በአንድ ሰከንድ ውስጥ ምን ያህል ዳታ ሊመላለስ እንደሚችል ነው። ጋኑ ትልቅ ሆኖ አፉ ከጠበበ፣ ቢሞላም የሚቀዳው ቀስ ብሎ ነው።

ስሌቱን ራሳችሁ መሥራት ትችላላችሁ። ሁለት ነገር ብቻ ነው የሚያስፈልገው፦ የሜሞሪ ባሱ (ጂፒዩውንና ቪራሙን የሚያገናኘው መንገድ) ስፋት በቢት እና የሜሞሪው ፍጥነት፣ ማለትም በእያንዳንዱ የባሱ ቢት በሰከንድ የሚያልፈው ጊጋቢት። ስፋቱን ለ8 አካፍሉት፣ 8 ቢት አንድ ባይት ስለሆነ። ከዚያ በፍጥነቱ አባዙት።

በ2021 የወጣውን የኤንቪዲያ አርቲኤክስ 3060 ባለ 12 ጊጋባይቱን እንውሰድ። ባሱ 192 ቢት ነው፣ ሜሞሪው 15 ጊጋቢት በሰከንድ። 192 ለ8 ሲካፈል 24፣ በ15 ሲባዛ 360 ጊጋባይት በሰከንድ። አሁን ደግሞ ተተኪው፣ በ2023 የወጣው አርቲኤክስ 4060። ሜሞሪው 8 ጊጋባይት፣ ባሱ 128 ቢት፣ ፍጥነቱ 17። ውጤቱ 272 ጊጋባይት በሰከንድ ነው።

አዲሱ አነሰ ማለት ነው። በሜሞሪ መጠን አነሰ፣ በባንድዊድዝም አነሰ፣ በኩዳ ኮር (ጂፒዩው ውስጥ ስሌቱን የሚሠሩት ትንንሽ ክፍሎች) ቁጥር እንኳን 3072 ነው፣ አሮጌው ግን 3584 አለው። ሆኖም በአብዛኛው ጌም ላይ የሚፈጥነው 4060 ነው። ለምን?

አንዱ ምክንያት የቺፑ ፍጥነት ነው። 3060 ከፍ ሲል 1.78 ጊጋኸርዝ አካባቢ ሲደርስ 4060 ወደ 2.46 ይሄዳል። ኮሮቹ ቢያንሱም እያንዳንዱ በሰከንድ የሚሠራው ስለበዛ፣ በወረቀት ላይ ያለው ጠቅላላ የስሌት አቅም 15 ቴራፍሎፕስ (በሰከንድ 15 ትሪሊዮን ስሌት) ገደማ ይሆናል፤ የ3060ው 12.7 ገደማ ነው።

ለእኔ የበለጠ ደስ የሚለኝ ግን ሁለተኛው ምክንያት ነው፣ ካሽ ሜሞሪ። ይህ ቺፑ ውስጥ ራሱ ያለ፣ መጠኑ ትንሽ ግን በጣም ፈጣን ሜሞሪ ነው። ጂፒዩው አንድ ነገር ሲፈልግ መጀመሪያ እዚያ ያያል፤ ካገኘው እስከ ቪራም ድረስ መሄድ አያስፈልገውም። 3060 ላይ የሁለተኛው ደረጃ ካሽ 3 ሜጋባይት ነበር። 4060 ላይ 24 ሜጋባይት ሆነ። ስምንት እጥፍ! ጋን በጠጠር ይደገፋል እንደሚባለው፣ ይህች ትንሽ ሜሞሪ ብዙ ምልልስ ስለምታስቀር ጠባቡ ባስ ያን ያህል አይጨናነቅም። ከዚህም በላይ ወደ ቪራም መሄድ ኃይል ይበላል። 4060 ከፍተኛ ፍጆታው 115 ዋት ሆኖ የ3060ው 170 የሆነው በዋናነት በአዲሱ የቺፕ አሠራር ነው፣ ካሹም ግን ድርሻ አለው።

ካሹ ግን ሁሉንም አይሸፍንም። ሪዞሉሽኑ (ስክሪኑ ላይ ያሉት የምስል ነጥቦች ብዛት) ከፍ ባለ ቁጥር የሚመላለሰው ዳታ ይበዛል፣ ካሹ ውስጥ የሚገኘው ድርሻ ይቀንሳል፣ ያን ጊዜ የባሱ ጥበት መታየት ይጀምራል። 4060ን ለ1080 ፒ ጥሩ ነው የምለው ለ4ኬ ግን የማልመክረው ለዚህ ነው።

የባሰው ደግሞ ቪራሙ ሲሞላ ነው። ጌሙ 10 ጊጋባይት ፈልጎ ካርዱ 8 ብቻ ካለው፣ የተረፈው ወደ ኮምፒውተሩ ራም ይወጣና በፒሲአይ ኤክስፕረስ፣ ማለትም ካርዱን ከማዘርቦርዱ ጋር በሚያገናኘው መስመር በኩል መመላለስ ይጀምራል። 4060 እዚያ ላይ የሚጠቀመው 8 መስመር ብቻ ነው፤ በአራተኛው ትውልድ ማዘርቦርድ ላይ 16 ጊጋባይት በሰከንድ ገደማ፣ በሦስተኛው ትውልድ ላይ ደግሞ 8 ገደማ ማለት ነው። ከ272 ወደ 16 ስትወርዱ አስቡት። ጨዋታው በድንገት ቀጥ ብሎ እንደገና የሚንቀሳቀሰው፣ ቴክስቸሩ ደብዝዞ የሚቀረው በዚህ ምክንያት ነው። በሰከንድ በሚታየው አማካይ የፍሬም ቁጥር ላይ ብዙም ላይታይ ይችላል። ስለዚህ ቤንችማርክ (የካርዱ የፍጥነት ሙከራ ውጤት) ስታዩ አማካዩን ብቻ ሳይሆን ዝቅተኛውን 1 ፐርሰንትም፣ ማለትም ጌሙ በጣም በተንቀራፈፈበት ጊዜ የነበረውን ፍጥነት፣ ተመልከቱ፣ እባካችሁ።

አሮጌው በግልጽ የሚያሸንፍበት ሥራም አለ። የቋንቋ ሞዴል (ጽሑፍ የሚጽፍ አርቴፊሻል ኢንተለጀንስ) በራሳችሁ ኮምፒውተር ላይ ስታስኬዱ፣ ሞዴሉ እያንዳንዷን ቶክን (ቃል ወይም የቃል ቁራጭ) ለመጻፍ ከሞላ ጎደል ራሱን በሙሉ ከቪራም ማንበብ አለበት። ሞዴሉ 6 ጊጋባይት ከሆነ 360 ለ6 ሲካፈል 60፤ የ3060 ጣሪያ በሰከንድ 60 ቶክን ነው፣ በተግባር ከዚያ በታች ይሆናል። የ4060 ጣሪያ 45 ነው። 24 ሜጋባይት ካሽ ለ6 ጊጋባይት ንባብ ምንም አያደርግም። 10 ጊጋባይት የሚሆን ሞዴል ሲሆን ደግሞ 8 ላይ ጭራሽ አይገባም።

አንድ የሚያናድደኝ ነገር አለ፣ ስም። በ2022 ባለ 8 ጊጋባይት 3060 ወጣ። ስሙ ያው 3060፣ ኮሩም ያው 3584፣ ባሱ ግን 128 ቢት ነው፣ ባንድዊድዙም ከ360 ወደ 240 ወረደ። ከእሱ በፊት ጂቲ 1030 በተባለው የኤንቪዲያ ካርድ ላይም ተመሳሳይ ነገር ሆኗል። የ2017ቱ ጂዲዲአር5 የተባለውን ፈጣን የግራፊክስ ሜሞሪ ይዞ 48 ጊጋባይት በሰከንድ ነበረው፤ በ2018 የመጣው ግን ቀርፋፋው ዲዲአር4 ተደርጎለት 16.8 ላይ ቀረ። ከሲሶው ትንሽ ብቻ የሚበልጥ፣ በማሸጊያው ላይ ግን ያው 1030 ነው። ሰው ገንዘቡን አውጥቶ እንዲህ ያለ ልዩነት በደቃቅ ጽሑፍ ሊነገረው አይገባም።

ስለዚህ ከመግዛታችሁ በፊት ሙሉ ስሙን፣ የሜሞሪ ዓይነቱንና የባሱን ስፋት ጠይቁ። ያገለገለ ካርድ ከሆነ ሻጩ ጂፒዩ-ዚ የተባለውን ነፃ ፕሮግራም ከፍቶ ያሳያችሁ፤ ሦስቱም እዚያው አንድ ገጽ ላይ ተጽፈዋል፣ ባንድዊድዙም ተሰልቶ ተቀምጧል። የሁለት ትውልድ ካርዶች ከሆኑ ግን ባንድዊድዛቸውን ብቻ አታወዳድሩ፤ የካሹን መጠን እዩ፣ በምትጠቀሙበት ሪዞሉሽን የተሠራ ቤንችማርክም ፈልጉ። እኔን ብትጠይቁኝ በ1080 ፒ ለሚጫወት 4060፣ ሞዴል ለሚያስኬድ ወይም ከበድ ያለ ባለ ሦስት ዳይሜንሽን ሥራ ለሚሠራ ባለ 12 ጊጋባይቱን 3060 እላለሁ።