የንዝረት ቅርጾችን ከልኬት ዳታ ማውጣት

ድልድይም ሆነ የአውሮፕላን ክንፍ ሲነካ እንደመጣለት አይንቀጠቀጥም። የራሱ ፍሪኩዌንሲዎች (በሰከንድ የሚወዛወዝባቸው ብዛቶች) አሉት፤ በእያንዳንዳቸው ላይ ደግሞ የሚወዛወዝበት የተለየ ቅርጽ አለው። ሞድ የሚባለው ይሄ ነው። ፍሪኩዌንሲውን ማግኘት ቀላል ነው፣ ብዙ ጊዜ አንድ ሴንሰር ይበቃል። ቅርጹ ነው ጣጣው። የትኛው ነጥብ ከየትኛው ስንት እጥፍ እንደሚንቀሳቀስ፣ አብረው ይወጣሉ ወይስ አንዱ ሲወጣ ሌላው ይወርዳል የሚለውን ማወቅ ይጠይቃል።

የተለመደው መንገድ የምቱን ኃይል በሚለካ መዶሻ መምታት ነው። ፍጥንጥነት የሚለካው ሴንሰር፣ አክሰለሮሜትሩ፣ አንድ ቦታ ይለጠፍና መዶሻው ነጥብ በነጥብ ይዞራል። ከዚያ በየፍሪኩዌንሲው ምላሹ ለኃይሉ ይካፈላል፤ ውጤቱ ሪል እና ኢማጂነሪ የሚባሉ ሁለት ክፍሎች ያሉት ኮምፕሌክስ ቁጥር ነው። ሞዶቹ ከተራራቁና ዳምፒንጋቸው፣ ማለትም ንዝረቱን የሚያከስመው ኃይል፣ አነስተኛ ከሆነ ሬዞናንሱ ላይ (ምላሹ በሚጎላበት ፍሪኩዌንሲ) የኢማጂነሪ ክፍሉን ቁመት ከየነጥቡ ማንበብ ብቻ ይበቃል፤ ፕላስና ማይነሱ አቅጣጫውን ይናገራል። ከተጠጋጉ ግን ከርቭ ፊቲንግ፣ ማለትም በዳታው ላይ የሂሳብ ቀመር ማስማማት፣ የግድ ነው።

ሶፍትዌር ላይ ብዙ ይወራል፣ ለእኔ ግን ዋናው ሴንሰሩ የተለጠፈበት ቦታ ነው። አንድ ጫፉ የታሰረ ወጥ ዘንግ በ2ኛው ሞዱ ሲርገበገብ ከታሰረበት 78 በመቶ ገደማ ርቀት ላይ ያለው ነጥብ ንቅንቅ አይልም። ብቸኛው ሴንሰር እዚያ ላይ ካረፈ ያ ሞድ ዳታው ውስጥ የለም፣ የትኛውም ፕሮግራም አያመጣውም።

ትልቅ ድልድይ በመዶሻ ስለማይሆን ነፋስና ትራፊክ ያንቀጠቅጡት ይባላል። ኃይሉ ስለማይታወቅ የቅርጹ ትክክለኛ ስኬል ይቀራል፣ ቅርጹ ራሱ ግን ይወጣል። ከ2000 አካባቢ ጀምሮ ተመራማሪው ሩነ ብሪንከርና ባልደረቦቹ ያስፋፉት ዘዴ የሴንሰሮቹን የጋራ ስፔክትረም ማትሪክስ (ሴንሰሮቹ በየፍሪኩዌንሲው ምን ያህል አብረው እንደሚንቀሳቀሱ የሚያሳይ የቁጥር ሰንጠረዥ) በየፍሪኩዌንሲው ወደ ክፍሎቹ ይተነትናል፤ ግራፉ ከፍ ብሎ ጫፍ በሚሠራበት ፍሪኩዌንሲ ላይ የሚገኘው የመጀመሪያው ቬክተር የሞዱ ቅርጽ ግምት ነው። ሴንሰር ካነሰ በዙር ይለካል፣ ዙሮቹን ለማያያዝ ግን ቢያንስ አንዱ ከቦታው መነሳት የለበትም። ደግሞ ጫፍ ሁሉ ሞድ አይደለም፤ በደቂቃ 1500 ጊዜ የሚዞር ሞተር አጠገብ ካለ 25 ኸርዝ ላይ ጫፍ ቢታይ አይገርምም።

የወጣውን ቅርጽ ከኮምፒውተር ሞዴሉ ጋር ለማወዳደር ማክ (MAC) የሚባል፣ የሁለት ቅርጾችን መመሳሰል የሚለካ፣ ከ0 እስከ 1 የሚሄድ ቁጥር አለ፤ ተመራማሪዎቹ ኦልማንግና ብራውን በ1982 ያቀረቡት ነው። ወደ 1 ከተጠጋ ቅርጾቹ ተመሳሰሉ ማለት ነው። ይሁንና 3 ሴንሰር ብቻ ለጥፎ 0.99 አገኘሁ ማለት ብዙም አያስኬድም፤ በጥቂት ነጥብ ሲታዩ ሁለት ፍጹም የተለያዩ ሞዶችም አንድ ሊመስሉ ይችላሉ።