የጆርጂያን ዘመን የእንግሊዝ ከተማ ቤቶች፦ ከለንደን እስከ ባዝ

ታሪካዊው የእንግሊዝ ከተማ ቤት ግድግዳውን ከጎረቤት ጋር ተጋርቶ በመደዳ የተሠራ፣ ፊቱ ጠባብ፣ ወደ ጓሮ የሚረዝም ባለ ፎቅ ቤት ነው። ጆርጂያን ዘመን የሚባለው ጆርጅ የተባሉ ነገሥታት በተከታታይ እንግሊዝን የገዙበት፣ ከ1714 እስከ 1830 ያለው ጊዜ ነው። እዚህ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የመካከለኛው ዘመን ቤቶች የእንጨት ነበሩ፤ ላይኛው ፎቅ ከታችኛው ወጣ ብሎ መንገዱን የሚያጠላ እንደነበር በዮርክ ሻምብልስ የተባለውን ጠባብ መንገድ ያየ ይረዳዋል።

ነገሩን የለወጠው በ1666 ለንደንን ያጋየው እሳት ነው። በአራት ቀን ከ13,000 በላይ ቤቶች ወደሙ። በማግስቱ ዓመት የወጣው ሕግ የውጭ ግድግዳ በጡብ ወይም በድንጋይ እንዲሆን አዘዘ፤ ቤቶችን በአራት መደብ ከፍሎ የፎቁን ብዛትና የግድግዳውን ውፍረት ወሰነ። የ1709ኙ ሕግ ደግሞ የመስኮቱ እንጨት ከግድግዳው ፊት አራት ኢንች ያህል ወደ ውስጥ እንዲገባ፣ የ1774ቱ ሕግ ጭራሹን ከጡቡ ጀርባ እንዲደበቅ አደረገ። ስለዚህ በመስኮቱ አጠገብ ቆሞ እንጨቱን የሚያይ ሰው የቤቱን ዕድሜ በግምት ሊናገር ይችላል። ግንበኞች ሕጉን ሁልጊዜ ስላላከበሩና ሕጉም የለንደን ብቻ ስለነበር ግን ግምቱ ይስታል።

የዚህ አሠራር ሌላው መነሻ ሊዝ ነው፤ ቃሉ ለእኛም እንግዳ አይደለም። መሬቱ የመሳፍንት ነበር። ግንበኛው ብዙ ጊዜ ለ99 ዓመት ይከራየውና ሥራው እስኪጠናቀቅ ድረስ ኪራዩ ለስሙ ያህል አንዲት ፍሬ ቁንዶ በርበሬ ይሆናል። ዘመኑ ሲያልቅ መሬቱም ቤቱም ወደ ባለርስቱ ይመለሳሉ። ለልጅ ልጅ የማይተርፍን ቤት ማን አጠንክሮ ይሠራል? ብዙዎቹ ከፊት ጥሩ ጡብ ለብሰው ከኋላ በርካሽ የተሞሉ ናቸው።

ውስጡ ከቤት ቤት ብዙም አይለያይም። ወጥ ቤቱ ከመንገዱ ዝቅ ብሎ ከታች ነው። የድንጋይ ከሰሉ በእግረኛ መንገዱ ላይ ባለች ክብ የብረት ክዳን በኩል ወደ ጓዳው ይፈስሳል፤ ከሰል ጫኙ ቤት ሳይገባ ይሄዳል። ከመንገዱ እኩል የምግብ ክፍሉ፣ ከዚያ በላይ የእንግዳ ሳሎኑ ይገኛል፤ ረጃጅሞቹ መስኮቶች የሳሎኑ ናቸው። ወደ ላይ በወጡ ቁጥር መስኮቶቹ ያጥራሉ፤ አገልጋዮች ከጣሪያው ሥር ያድራሉ። በጡብ የተደፈነ መስኮት ሲታይ ከ1696 እስከ 1851 የጸናው የመስኮት ግብር ይወቀሳል፤ ነገር ግን ብዙዎቹ ለግንባሩ ሚዛን ሲባል ከመጀመሪያውም ድፍን ሆነው የተሠሩ ናቸው።

ይህ አሠራር ውበቱ የተሟላው ግን በምዕራብ እንግሊዝ በምትገኘው በባዝ ከተማ ነው። አባትዬው ጆን ዉድ ከ1728 ጀምሮ በኩዊን አደባባይ የተለያዩ ቤቶችን አንድ ቤተ መንግሥት አስመስሎ ገነባ። በ1754 ሰርከስ የተባለውን ክብ የቤቶች መደዳ አስጀምሮ ሞተ፤ ልጁ ጨረሰው። ሰርከስ ሦስት ዓይነት ዓምዶች በሦስት ፎቅ የተደራረቡበት ነው፤ ሐሳቡን ስቶንሄንጅ ከተባለው ጥንታዊ የድንጋይ ክበብ ወሰደው ይባላል። ልጅየው ከ1767 እስከ 1775 ሮያል ክሬሰንትን በግማሽ ጨረቃ ቅርጽ አቆመ፦ 30 ቤቶች፣ 114 ዓምዶች፣ ሁሉም ማር በሚመስለው የባዝ ድንጋይ። ዉድ ያዘዘው ፊቱን ብቻ ነበር፤ ከኋላ እያንዳንዱ ገዢ እንደ ኪሱ ስለሠራ አንዱ ወጣ፣ ሌላው ገባ ያለ ነው። በጓሮው በኩል ያልዞረ ጎብኚ ክሬሰንቱን በግማሹ ነው ያየው።

አንድነቱን መጠበቅም ቀላል አልነበረም። በ1970ዎቹ አንዲት ባለቤት የክሬሰንቱን በራቸውን ቢጫ ቀለም ቢቀቡት ማዘጋጃ ቤቱ በነጭ እንዲተካ አዘዘ፤ ተከራክረው ረቱ። ከዚያ በፊት የ1942ቱ የቦምብ ድብደባና ከጦርነቱ በኋላ የተካሄደው ፈረሳ ብዙ ተራ ቤቶችን በልቷል። ከተማዋ በ1987 በዓለም ቅርስነት ተመዘገበች። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከ1936 እስከ 1940 በስደት የኖሩበት ፌርፊልድ ሃውስም በባዝ ነው፤ እሱ ግን በግቢው ብቻውን የቆመ ቪላ እንጂ የመደዳ ቤት አይደለም።

የክሬሰንቱ ቁጥር 1 ዛሬ ሙዚየም ነው። ከሌሎቹ ብዙዎቹ በአፓርታማ ተከፋፍለዋል፤ ለአንድ ቤተሰብ በተሠራው በር አጠገብ የደወል ቁልፎች ተደርድረዋል።